የደረጃ ምስክርነት በሐዋሳ መናኸሪያ፤ አጭር ትችት

ብዙ ሰው በአንድ መኪና ተካፍሎ የሚጓዝበት አገልግሎት ጥራቱ በምን ይታወቃል? የሚመሰክርለትስ ማን ነው? ይህ ጥያቄ በሐዋሳ ከተማ ቀላል አይደለም። ከክፍለ ከተሞቿ አንዱ «መናኸሪያ» ተብሎ ይጠራል፤ በ2012 ዓ.ም. የተቋቋመው የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ከሆነች ወዲህም ከየወረዳው ለጉዳይ የሚመጣው ሰው በመናኸሪያ ይሳፈራል፤ ይወርዳልም።

ባገራችን የሕዝብ ማመላለሻ አውቶቡሶች አንደኛ፥ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብለው ይከፈላሉ። ታሪፉም በኪሎ ሜትር የሚታሰበው በደረጃቸው ነው። ከዚህ ሌላ ተሽከርካሪ ሁሉ በየዓመቱ በቴክኒክ ምርመራ አልፎ ቦሎውን በመስተዋቱ ላይ ይለጥፋል። ስለዚህ ምስክር ጠፍቷል ለማለት አይቻልም። እኛ የምንነቅፈው፥ ምስክሩ የሚናገረው ሌላ፥ ተሳፋሪው ሊያውቀው የሚሻው ሌላ መሆኑን ነው።

በመጀመሪያ፥ ምስክርነቱ ለመኪናው እንጂ ለጉዞው አይደለም። ተሳፋሪው የሚጨነቀው ሾፌሩ ዕረፍት አግኝቶ እንደ ሆነ፥ በመንገድ ላይ ትርፍ ሰው ይጫን እንደ ሆነ፥ ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ይጠይቅ እንደ ሆነ ነው። ቦሎው ግን መኪናው በምርመራው ዕለት ስለ ነበረበት ሁኔታ ብቻ ይመሰክራል። ከሐዋሳ እስከ አዲስ አበባ ባለው 275 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ ስለሚሆነው ነገር ዝም ይላል።

ሁለተኛ፥ ደረጃው ከተራው ጋራ ይጋጫል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፥ ገዢ ደኅናውን ዕቃ ከመጥፎው ለመለየት ባልቻለበት ገበያ መጥፎው ደኅናውን እያስወጣ እንደሚሄድ አስረድቷል። በመናኸሪያ ያለው ነገር ከዚህም ይብሳል። መኪኖች የሚጭኑት በተራ ስለ ሆነ ተሳፋሪው ቢለይ እንኳ አይመርጥም፤ ተራው በደረሰው ይሳፈራል። መኪናውን አጥርቶ የሚይዝ፥ ተሳፋሪውን የሚያከብር ባለ ንብረት ከጎረቤቱ አንድ ሰው አብልጦ አያገኝም። ታዲያ ስለ ምን ይደክማል?

ሦስተኛ፥ ምቾትና ደኅንነት በአንድ ስም ተጠቅልለዋል። ወንበር አንደኛና ሦስተኛ ሊኖረው ይችላል፤ ፍሬን ግን ሦስተኛ ደረጃ የለውም። ርካሹን ታሪፍ የሚከፍለው ገበሬ ምቾቱን ቀንሶ ገዛ እንጂ ሕይወቱን በቅናሽ አልሸጠም። አንድ የደረጃ ቁጥር ለሁለቱም ነገር ሲቆም፥ ሦስተኛ ደረጃ ያለው መኪና ጉድለቱ የወንበር ይሁን የፍሬን ተሳፋሪው ሊያውቅ አይችልም።

በውጭ አገር ያለውን ብናስተያይ፥ በጀርመን ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሰማያዊው መልአክ» የሚባል የአካባቢ ጥበቃ ምልክት ይሰጣል፤ መኪና በጋራ የሚያስጠቅሙ ድርጅቶችም ሊያገኙት ይችላሉ። የዚያ አገር ተጠቃሚ ድርጅቱን ራሱ መርጦ ይመዘገባልና ምልክቱ ይጠቅመዋል። እኛ ዘንድ ግን ምርጫው ሳይኖር ምልክቱን ብቻ ብንቀዳ ጌጥ ሆኖ ይቀራል።

ተራው ይቅር የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። እኛ በዚህ አንስማማም። ተራ አንድ አሮጌ አውቶቡስ ያለው ሰው ከባለ ብዙ መኪናው ጋራ እኩል እንጀራውን እንዲያገኝ ያደርጋል። ይልቅስ ምስክርነቱ ከተራው ጋራ ይያያዝ። ትርፍ የጫነ ወይም ከታሪፍ በላይ የተቀበለ መኪና፥ ጥፋቱ ተጣርቶ ሲረጋገጥ፥ ለተወሰነ ጊዜ ተራውን ይጣ። የደኅንነት መለኪያው ለሁሉም አንድ ይሁን፤ ደረጃ ለምቾት ብቻ ይቅር። ታሪፉና የአቤቱታው መቀበያም በመሳፈሪያው በር ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ ማንበብ ለማይችለውም በድምፅ ማጉያ ይነገር።

ምስክር ወረቀት የሚከበረው የያዘው ሰው ሊያጣው የሚችል ሲሆን ነው። ዛሬ በመናኸሪያው ያለው ደረጃ ታሪፍ ይወስናል፤ የጉዞን ጥራት ግን አያረጋግጥም።