የመጋዙ ጀርባ

ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ያነሳሁት የእጅ መጋዝ ጥርሱ ዶልዱሟል፤ እጀታው ግን እስካሁን መዳፍ ይሞላል። የፖም እንጨት ነው። በላዩ ላይ የስንዴ ዛላ የመሰለ ጌጥ በመሮ ተፈልፍሎበታል። አንዷ ጭረት ከጓደኞቿ ትንሽ ትረዝማለች፤ የጠራቢው እጅ አልፎ መሄዱ ነው። ከብሎኖቹ ትልቁ የናስ ማኅተም አለው፤ የዲስተን ስም ከፊላደልፊያ ጋር ይነበብበታል።

ሄንሪ ዲስተን እንግሊዝ አገር ተወልዶ በፈረንጆቹ 1833 ፊላደልፊያ ሲገባ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ መርከባቸው በደረሰ በሦስተኛው ቀን ሞተበት። መጋዝ ሠሪ ዘንድ ሙያ ተማረና በ1840 የራሱን ሱቅ ከፈተ። ያኔ ደህና አረብ ብረት የሚመጣው ከእንግሊዟ ሼፊልድ ነበር፤ አሜሪካዊው አናጢም የሚያምነው የእንግሊዝን መጋዝ ነበር። ዲስተን በ1855 ብረቱን ራሱ ማቅለጥ ጀመረ። በ1870ዎቹ ሥራው ከከተማዋ መሃል ወደ ታኮኒ፣ ደላዌር ወንዝ ዳር መዘዋወር ጀመረ። ለሠራተኞቹ ሰፈር ሲሠራ መጠጥ ቤት እንዳይከፈትበት በመሬት ውሉ ላይ አስጽፏል። ሠራተኞቹ ምን እንዳሉ እንጃ!

ወደ መጋዙ ልመለስ። ጥርሶቹ ያሉበት ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ውፍረት አለው። ከዚያ ወደ ጀርባው ሲኬድ ብረቱ እየሳሳ ይመጣል፣ ወደ ጫፉ ደግሞ ይብስበታል። ዓይን አይለየውም፣ መለኪያ ነው የሚያጋልጠው። እንጨት ውስጥ ሲገባ ግን ይታወቃል፦ ጀርባው ጥርሱ በከፈተው ቦይ ሳይነካካ ያልፋል። ስለዚህ ጥርሶቹን ግራና ቀኝ አብዝቶ ማዝመም አያስፈልግም። ቦዩ ይጠባል፣ ክንድም ያርፋል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ከዚህ በፊት ያለው ሥራ ነው። ዝርጉ ብረት ግሎ ዘይት ውስጥ ሲነከር ይጠነክራል፤ አብሮም ይጣመማል። መዶሻ የያዘው ባለሙያ መስፍ ላይ ያጋድመውና ብርሃን በገላው ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ያያል። ብርሃኑ የተሰበረበት ቦታ እብጠት አለ። እብጠቱን ራሱን ቢመታው ብረቱ ይለጠጥና ይብሳል። ስለዚህ ዙሪያውን ይመታል፤ ዙሪያው ሲለጠጥ እብጠቱ ቦታ አግኝቶ ይተኛል። ተስሎ ሲሳሳ ደግሞ እንደገና ይዛባል፣ እንደገናም መዶሻ። በመጨረሻ ማለስለሻው የመዶሻውን ምልክት ሁሉ ጠርጎ ያጠፋዋል። የዚያ ሰው ሥራ ዛሬ የሚታየው የመጋዙን ጫፍ ይዤ አጉብጬ ስለቀው ነው፤ ዝንፍ ሳይል ቀጥ ብሎ ይመለሳል።

በ1874 ዲስተን ጀርባው ወደ ውስጥ የሰረጎደ መጋዝ አወጣ፣ ክብደቱን ለመቀነስ። የእኔው ከዚያ ወገን አይደለም፤ ጀርባው ቀጥ ያለ ነው። ጫፉ አጠገብ ግን አንዲት ትንሽ ጉጥ ብቅ ብላበታለች። አናጢዎች ስለ እርሷ ያላሉት የለም፤ መጋዙ ሲሸፈን ማሰሪያው እንዳይንሸራተት ናት የሚልም አለ። ኩባንያው ራሱ ግን በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጉጧ ለምንም አትጠቅምም፣ የጀርባውን ቀጥተኛ መስመር ለመስበር የተቀመጠች ጌጥ ብቻ ናት ብሏል።