የተዋሱት ወረቀትና ያልተዋሱት ልማድ

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ያገራችን ምሳሌ ለሁሉ ነገር የሚሠራ ቢሆን ኖሮ፤ አንዱ ሙያ ከሌላው ሙያ የሚማረው ነገር ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ጌጥ መዋስና ጥበብ መማር የተለያዩ ናቸው። ይህን ልዩነት ለመመርመር የመረጥነው፤ የቀዶ ሕክምና ሐኪም የሆኑት አሜሪካዊው ዶክተር አቱል ጋዋንዴ በ2009 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ዘ ቼክሊስት ማኒፌስቶ» የተባለውን መጽሐፍ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የደራሲው ዋና አሳብ ይህ ነው፤ በዛሬው ዘመን ባለሙያን የሚያሳስተው አለማወቁ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቀውን በጊዜው ሳይሠራበት መቅረቱም ነው። ለዚህም ምስክር የሚያደርጉት የአይሮፕላንን ታሪክ ነው። በጥቅምት ወር 1935 ዓ.ም. ቦይንግ የሠራው ሞዴል 299 የተባለ አይሮፕላን በኦሃዮ ለሙከራ ሲነሣ ወደቀ። ምክንያቱም አይሮፕላኑ ቆሞ ሳለ የጅራቱን መሪ አጥብቆ የሚይዘው መቆለፊያ ሳይፈታ መቅረቱ ነበር። አብራሪው ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ ጥፋቱ የመርሳት ጥፋት ነበር። ከዚያ ወዲያ አብራሪዎች ቼክሊስት የሚሉትን አጭር የማረጋገጫ ዝርዝር አዘጋጁ።

ዶክተር ጋዋንዴ ይህን ልማድ ወደ ሐኪም ቤት አመጡት። እሳቸው የመሩት ቡድን ለዓለም የጤና ድርጅት በ2008 ዓ.ም. ያወጣው ዝርዝር 19 ነጥቦች አሉት፤ የሚነበበውም ሦስት ጊዜ ነው፤ ይኸውም ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት፤ ቆዳው ከመቀደዱ በፊትና በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት ነው። ከቶሮንቶ እስከ ታንዛንያዋ ኢፋካራ በስምንት ከተሞች ተሞክሮ፤ ከመቶ 1.5 የነበረው ሞት ወደ 0.8፤ ከመቶ 11 የነበረው ሌላ ጉዳት ወደ 7 ወረደ። ጥናቱ ዝርዝሩን ካልተጠቀሙ ሆስፒታሎች ጋር ጎን ለጎን ያልተመዛዘነ መሆኑ ጉድለት ቢሆንም፤ ውጤቱ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም።

ይሁን እንጂ በ2014 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ነገሩን ያከብደዋል። በካናዳዋ የኦንታርዮ ግዛት 101 ሆስፒታሎች ያንኑ ዓይነት ዝርዝር ሥራ ላይ ካዋሉ በኋላ፤ ሞት ከመቶ 0.71 ወደ 0.65 ብቻ ዝቅ አለ፤ ይህም በስሌት ሲመዘን ከአጋጣሚ ተለይቶ የሚታይ ልዩነት አልነበረም። ወረቀቱ አንድ ሲሆን ውጤቱ ስለ ምን ተለያየ? ብዙ መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ እኛ ግን መልሱን የምንፈልገው ዝርዝሩ በተገኘበት በአይሮፕላኑ ሙያ ውስጥ ነው።

በመጋቢት ወር 1977 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ታላላቅ አይሮፕላኖች ጉም በሸፈነው መንደርደሪያ ላይ ተጋጭተው 583 ሰዎች አለቁ። በአንደኛው ውስጥ የነበረው የበረራ መሐንዲስ፤ ሌላው አይሮፕላን ከመንገዱ አለመውጣቱን ተጠራጥሮ ጠይቆ ነበር። ካፒቴኑ ግን በድርጅቱ ዘንድ ስመ ጥር አስተማሪ ነበረና ወጥቷል ብሎ መለሰ፤ ሌላ የተናገረ አልነበረም። ከሞዴል 299 መውደቅ በኋላ 41 ዓመት አልፎ፤ ዝርዝሩ በየአይሮፕላኑ የተለመደ ሆኖ ሳለ፤ የጎደለው አለቃን የማስቆም ልማድ ነበር። ስለዚህም ከዚያ ወዲህ ካፒቴኖች እንዲሰሙ፤ የበታቾችም ደፍረው እንዲናገሩ ማሠልጠን ተጀመረ።

እንግዲህ አይሮፕላን ያስተማረው ትምህርት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የማስታወስ ትምህርት ነው፤ ሁለተኛው የመሪነት ትምህርት ነው። መጽሐፉ ሁለተኛውን አልዘነጋውም። በ2001 ዓ.ም. በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በደም ሥር በሚገባ ቱቦ የሚመጣውን ኢንፌክሽን ለመከላከል አምስት ነጥብ ያለው ዝርዝር ሲወጣ፤ ሐኪሙ አንዱን ነጥብ የዘለለ እንደ ሆነ ነርሷ እንድታስቆመው አስተዳደሩ ሥልጣን እንደ ሰጣት ደራሲው ራሳቸው ይተርካሉ። የእኛ ነቀፌታ መጽሐፉ ይህን ታላቅ ነገር ከወረቀቱ ኋላ ማስቀመጡ ነው። በአርእስቱ የሚሰበከው ዝርዝሩ ስለ ሆነ፤ አንባቢው ሰሙን ይዞ ወርቁን ጥሎ ሊሄድ ይችላል። ዝርዝሩ በአንድ ቀን ይታተማል፤ ለነርሷ የተሰጣት ሥልጣን ግን አለቃው ከራሱ ሥልጣን ቆርሶ የሚሰጠው ነው።

ሌላም ያልተመዘነ ልዩነት አለ። አይሮፕላኑ ሲወድቅ አብራሪው ከተሳፋሪው ጋር ይሞታል፤ ሐኪሙ ግን በሽተኛው ቢሞት ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ አብራሪ ስለ ራሱ ነፍስ ሲል የሚሰማውን ተግሣጽ፤ ሐኪም ስለ ሌላው ነፍስ ሲል መስማት አለበት። ይህ ከአብራሪው የሚበልጥ የሙያ ሥነ ምግባር ይጠይቃል።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ቋንቋችን ታላቁን «እርስዎ» ያሰኛል፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን አክብሮት ዝምታ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወጣት ነርስ «ዶክተር፤ ይቆዩ፤ እጅዎን አልታጠቡም» ማለት ካልቻለች፤ በግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝር በሽተኛውን አያድነውም። እንዲህ ስትልም «እርስዎ» ማለቷን አልተወችም፤ አክብሮትና ድፍረት አብረው ሊሄዱ ይችላሉና።

የሕክምና ተማሪ ከአብራሪ፤ የሕግ ተማሪ ከመሐንዲስ ይማር ዘንድ እንወዳለን። ነገር ግን ከጎረቤት ሙያ አንድ መሣሪያ ስንዋስ ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ መሣሪያው በአገሩ ሳለ የሚያሠራው የትኛው ልማድ ነበር? ያንንስ ልማድ ለመቀበል ከመካከላችን ሥልጣኑን የሚቀንስ ማን ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ ሳንመልስ የምንዋሰው ሁሉ፤ ምሳሌው እንዳለው፤ አያደምቀንም።