ጎሜ፣ በጎ ምግባርና ሰብዓዊ ክብር፦ በወላይታ ግብረ ገብ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ዳሰሳ

በወላይታ ማኅበራዊ ሕይወት ውስጥ ከግዴታ ጋር አብሮ የሚነሳው ጽንሰ ሐሳብ ጎሜ ነው። የማሳ ድንበር መግፋት፣ በሐሰት መማል፣ ከቅርብ ዘመድ ጋር መተኛት፣ የታላቅን ቃል ማቃለል ሁሉ ጎሜ ናቸው። ጦሱ ለአጥፊው ብቻ ሳይሆን ለቤተሰቡ፣ ለከብቱና ለአዝመራው ይተርፋል ተብሎ ይታመናል። በሽታ ወይም ተደጋጋሚ መከራ በአንድ ቤት ላይ ሲወርድ ሽማግሌዎች ጉታራ በሚባለው ሸንጎ ተቀምጠው የተሸሸገውን በደል ይመረምራሉ፤ አጥፊው ይናዘዛል፣ ይክሳል፣ ይታረቃል። በመስከረም የሚከበረው የጊፋታ በዓል ከመግባቱ በፊት ዕዳ የሚከፈለውና ቂም የሚሽረውም በዚሁ መንፈስ ነው፤ አሮጌ በደል ተሸክሞ አዲስ ዓመት መሻገር አይገባም። ይህን የመሰለ ሥርዓት ያለው ማኅበረሰብ የግዴታን ትርጉም ከመጻሕፍት መማር አያስፈልገውም። ሆኖም አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፦ ግዴታው ያለብን ለማን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምከራከረው የወላይታ ነባር ግብረ ገብ በግዴታና በበጎ ምግባር የበለጸገ ሆኖ ሳለ ክብርን ግን በትውልድ ሲያከፋፍል ኖሯል፤ ይህን ጉድለት የሚያርመው መርሕም ከሌላ አገር የሚመጣ ሳይሆን ሕዝቡ ራሱ ስለ ራሱ ክብር ሲሟገት የቆመበት መርሕ ነው በማለት ነው።

አስቀድሞ ጎሜ የፍርሃት ሕግ እንጂ የግብረ ገብ ሕግ አይደለም የሚለውን ትችት መመልከት ይገባል። በአማኑኤል ካንት መለኪያ፣ ቅጣትን ሽሽት የሚደረግ ነገር ከግዴታ ጋር ቢገጥምም ከግዴታ የመነጨ አይደለም። ትችቱ ከፊል እውነት አለው። ነገር ግን ጎሜ የሚፈታበትን መንገድ ልብ ያላለ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያየው። ጦሱን ለማስወገድ መሥዋዕት ማቅረብ ብቻውን አይበቃም፤ እውነቱ በተበዳዩ ፊት መነገር፣ የተወሰደው መመለስ፣ የሻከረው መጠገን አለበት። ሥርዓቱ ቅጣትን የሚያስታውሰው ወደ በደሉ ለመመለስ ነው፤ በደሉ በደል የሆነው ቅጣት ስላለው አይደለም። ስለዚህ የጎሜ ድክመት ፍርሃት ላይ አይደለም። ድክመቱ ተበዳይ ተብሎ የሚቆጠረው ማን እንደሆነ ላይ ነው።

የወላይታ ጎሳዎች ማላና ዶጋላ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች ይመደባሉ። ከእነዚህ ዝቅ ተደርገው የኖሩት የእጅ ባለሙያዎች ናቸው፦ ሸክላ ሠሪዎቹ ጭናሻ፣ ቆዳ ፋቂዎቹ ደጌላ፣ ብረት ቀጥቃጮቹ ወጋቼ። ከእነሱ ሌላ ባሪያዎችም ነበሩ። ገበሬው የሚያርስበት ማረሻና የሚያጭድበት ማጭድ ከወጋቼ እጅ የወጣ ነው፤ ምግቡ የሚበስልበት ድስት፣ ውኃው የሚቀዳበት እንስራ የጭናሻ ሥራ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን ከገበሬው ጋር በአንድ ማዕድ አይቀርቡም፣ ልጅ አይድሩለትም፣ ልጁንም አያገቡም ነበር። ለመገለላቸው የሚሰጠው ምክንያትም የግብረ ገብ መልክ ነበረው፦ ንጹሕ ያልሆነ ሥጋ ይበላሉ፣ ወግ አያውቁም ይባል ነበር። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል። አንድ ሰው የሠራው ጥፋት ሳይጠየቅ፣ ጥፋቱ ከመወለዱ በፊት ተጽፎ ይጠብቀዋል። በጎ ምግባርን የሚያከብር ሥርዓት፣ ምግባር የሰው ሥራ መሆኑን ዘንግቶ የዘር ንብረት አደረገው ማለት ነው።

ይህ የወላይታ ብቻ ችግር አይደለም። በጎ ምግባር በልምምድ የሚገኝ የነፍስ ዝንባሌ መሆኑን ከማንም በላይ ያስተማረው አሪስቶትል፣ «ፖለቲካ» በተሰኘው ሥራው የእጅ ሙያተኛን ኑሮ የሚኖር ሰው በጎ ምግባርን ሊለማመድ አይችልም፣ የላቀችው ከተማም ዜጋ አታደርገውም ሲል ጽፏል፤ በተፈጥሮ ባሪያ የሆኑ ሰዎች አሉ ብሎም ተከራክሯል። ከአቴና እስከ ወላይታ ሶዶ ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው፤ ስህተቱ ግን አንድ ነው። በምግባር ብቻ የተመሠረተ አክብሮት ያለው ማኅበረሰብ፣ ምግባርን ለመለማመድ ማን ዕድል እንደተሰጠው አስቀድሞ ካልጠየቀ፣ የነፈገውን ሰው ስለ ጎደለው ነገር ይወቅሰዋል። አሜሪካዊው ፈላስፋ ስቲቨን ዳርዋል እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ጽሑፉ ሁለት ዓይነት አክብሮት ለይቷል። አንደኛው ሰው በመሆን ብቻ የሚገባ፣ በምናደርገው ነገር ሁሉ ከግምት ልናስገባው የሚያስፈልግ አክብሮት ነው። ሁለተኛው ሰው በሥራውና በባሕርዩ የሚያተርፈው፣ መጠኑም ከሰው ሰው የሚለያይ አክብሮት ነው። የጉታራው አዛውንት በአስተዋይነቱ የሚያገኘው ከበሬታ ሁለተኛው ነው፤ ተገቢም ነው። ጭናሻው የተነፈገው ግን የመጀመሪያው ነው፤ እሱን በማጣቱም ሁለተኛውን የሚያተርፍበት በር ተዘግቶበታል።

ካንት ዋጋ ያለውንና ክብር ያለውን የለየበት ሐሳብ ለወላይታ ታሪክ ረቂቅ ነገር አይደለም። ዋጋ ያለው በአቻው ይተካል፤ ክብር ያለው ምትክ የለውም። በ1887 ዓ.ም. በአጼ ምኒልክ ዘመቻ የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማርኮ መንግሥቱ ሲወድቅ ምርኮኛው ሕዝብ ከከብቱ ጋር እንደ ምርኮ ተከፋፍሏል፤ ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊ ነጋዴ ቫንደርሄይም በጻፈው መጽሐፍ ያን ጥፋት መዝግቦታል። ሰው በገበያ ዋጋ የሚቆረጥለት ነገር ሆነ። ግን ሙሉውን ታሪክ መናገር የግድ ነው፤ ከዘመቻው በፊትም በወላይታ መንግሥት ውስጥ ባሪያ ይያዝና ይሸጥ ነበር። የተበደለ ሕዝብ በደልን በራሱ ቤት ሲያይ እንዲያውቀው የሚያስችለው መርሕ ያስፈልገዋል፤ ያም መርሕ ስለ «እኛ» ሳይሆን ስለ ሰው የሚናገር መሆን አለበት። ካንት ራሱ ስለ ዘር በጻፋቸው ጽሑፎች ጥቁሮችን ዝቅ አድርጎ መመደቡ የታወቀ ነው። ይህ ሰውየውን ያስወቅሰዋል፤ መርሑ ግን ከጸሐፊው ይልቅ ቀና ሆኖ በጸሐፊው ላይ ይፈርዳል። በግእዝ የተጻፈው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብም ሰዎች ሁሉ በፈጣሪ ፊት እኩል ናቸው ከሚል ተነስቶ ሰውን እንደ እንስሳ መግዛትን ያወግዛል። ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ ድርሰት ነው ብሎ ከተነሳ ወዲህ ስለ ደራሲው የሚደረገው ሙግት ቀጥሏል፤ የፍልስፍና ምሁሩ ክላውድ ሰምነር ኢትዮጵያዊነቱን በብርቱ ተሟግቶለታል። ለዚህ ጽሑፍ ግን የሐሳቡ ጽናት በደራሲው ትውልድ ላይ አይመሠረትም፤ እንዲህ ብሎ ማሰብ ራሱ ከተያዘው ጉዳይ ጋር ይስማማል።

ሕጉ ችግሩን ፈትቶታል የሚል ይኖራል። በ1916 ዓ.ም. ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. ጨርሶ ተከለከለ። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ መሬት ላልነበራቸው የእጅ ባለሙያዎች የማረስ መብት ከፈተላቸው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰብዓዊ ክብር መከበርን፣ በአንቀጽ 25 በትውልድና በማኅበራዊ አመጣጥ ልዩነት ሳይደረግ እኩልነትን አረጋግጧል። እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ በውጭ ሚሲዮናውያን በሶዶ የተተከለው፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ከተባረሩ በኋላ በአገሬው አማኞች እጅ የተስፋፋው የወንጌላውያን ክርስትናም ብዙ ሰዎችን በአንድ ጉባኤ አስቀምጧል። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ለውጦች ናቸው። ጋብቻ ሲታሰብ ግን «የማን ልጅ ናት?» የሚለው ጥያቄ ዛሬም ይነሳል። ሕግ እጅን መከልከል ይችላል፤ ዓይንን ማረም አይችልም። ሌላውን እንደ ሰው ማየት በልምምድ የሚጸና ዝንባሌ ነውና፣ ክብር በጎ ምግባርን የሚፈልገው እዚህ ላይ ነው። የአሪስቶትል ትምህርት የራሱን የአሪስቶትልን ፍርድ ለማረም ያገለግላል።

ብርቱው ተቃውሞ ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። ሰው በአገራችን የሚታወቀው በዘመዱ፣ በጎሳው፣ በጎረቤቱ ነው፤ ከግንኙነቱ የተነጠለ ግለሰብ ክብር የምዕራባውያን ሐሳብ ነው ይባላል። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ራሱ የወላይታ ሕዝብ ታሪክ ነው። በ1992 ዓ.ም. መጀመሪያ የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች አዋሕዶ «ወጋጎዳ» በሚል ስም የተዘጋጀው መማሪያ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ የሶዶ ተማሪዎች፣ መምህራንና ነዋሪዎች ተቃወሙ። ሰዎች ሞቱ፣ ታሰሩ፤ በመጨረሻ መጻሕፍቱ ተነሱ፣ ወላይታም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። የዚያ ተቃውሞ ቅርጽ ልብ ሊባል ይገባል። ቋንቋችን ይከበር ያለው ሕዝብ ምግባራችን ከሌላው ስለሚበልጥ ነው አላለም፤ አለን፣ ስለዚህ እንቆጠር ነው ያለው። በዳርዋል አገላለጽ የጠየቀው በሥራ የሚተረፈውን ሳይሆን በመሆን ብቻ የሚገባውን አክብሮት ነው። ይህን መርሕ ወደ ውጭ ያቀረበ ሕዝብ ወደ ውስጥ ሲሆን ሊያጥፈው አይችልም፤ ለወላይታ ቋንቋ የተጠየቀው ለጭናሻ ሴትም ይጠየቃል። ግንኙነት ሰውን ይሠራል ማለትም ለመገለል መከራከሪያ አይሆንም፤ እንዲያውም በግንኙነት የምንሠራ ከሆነ ከማዕድ መከልከል ከሁሉ የከፋ ጉዳት ነው።

የጎሜ ሥርዓት እንዲህ ያለውን ክብር መሸከም እንደሚችል ከጎረቤት የሚታይ ማስረጃ አለ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በጋሞ ተወላጆች ላይ ከደረሰው ግድያ በኋላ በአርባ ምንጭ የተቆጡ ወጣቶች ለበቀል ሲነሱ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ከፊታቸው ተንበረከኩ፤ ወጣቶቹም ተመለሱ። ያን ሣር አልፎ መሄድ ጎሜ ነው። ሽማግሌዎቹ ከበቀል የተከላከሉላቸው ሰዎች የጎሳቸው አባላት አልነበሩም፤ ደግነታቸውም አልተመረመረም። ጎሜ ከጎሳ ወሰን ወጥቶ ሰውን በሰውነቱ ከልሏል። ጽንሰ ሐሳቡን ከጋሞ ጋር የሚጋራው ወላይታም ሰውን በእጅ ሥራው መናቅ፣ ልጅን በአባቷ ሙያ ከጋብቻ መከልከል ጎሜ ነው ብሎ ለመበየን የሚያግደው የግብረ ገብ ምክንያት የለም፤ ንቀት ኑዛዜ፣ ካሳና እርቅ የሚሻ በደል ይሆናል። ብያኔው የሚሰጥበት መንገድ ግን ከብያኔው እኩል ይከብዳል። ማላና ዶጋላ ብቻ ተቀምጠው ጭናሻ ይከበር ቢሉ፣ ክብሩ አሁንም የሰጪዎቹ ችሮታ ሆኖ ይቀራል፤ ሊነፈግም ይችላል። ጭናሻው፣ ደጌላውና ወጋቼው በጉታራው ከሚፈርዱት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው የሌላውን ጎሜ ሲመረምሩ፣ ፍርዳቸውም የሌላውን ቤት ሲያስር፣ ያኔ እንደ ሰው ተቆጥረዋል ማለት ይቻላል።