ሳይነበብ የሚፈረመው ውል

ሂስ የሚገባው ለልብ ወለድና ለግጥም ብቻ ነው የሚሉ አንባብያን ይኖራሉ። ዛሬ ግን እኛ ለሂስ የመረጥነው አንድ ቅጽ ነው፤ ይኸውም ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ የሚፈርመው፣ ብዙው ግን የማያነበው የወጪ መጋራት ውል ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው እንጀምር። የኢትዮጵያ መንግሥት ለረጅም ዘመን የዩኒቨርሲቲ ተማሪውን በነጻ ሲያስተምር ቆይቷል። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ግን በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 91 መሠረት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶ እንዲሸከም ተደረገ። ያለው አስቀድሞ ይከፍላል፤ የሌለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ ይከፍላል።

በጅቡቲ ከተማ ለምንኖር መምህራን ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ በ2006 እ.ኤ.አ. ቢቋቋምም በዋናነት የሚያስተምረው በፈረንሳይኛ ስለሆነ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተማሩ ልጆቻችን ፊታቸውን ወደ አገር ቤት ይመልሳሉ። ባለፈው ክረምት አንድ የቀድሞ ተማሪያችን መጥቶ ነበር። ተመርቆ እዚህ ወደብ አካባቢ በጽሕፈት ሥራ ተቀጥሯል። ዋናውን ዲግሪ ለማውጣት ዕዳውን መክፈል ነበረበት፤ ስንት እንደሆነ ስንጠይቀው ግን አያውቅም። የፈረመውን ውል ቅጂም አልያዘም። አራት ዓመት ሲያጠና የኖረ ልጅ፣ የራሱን ስም የያዘችውን አንዲት ወረቀት አላነበባትም!

ለውሉ ተገቢውን ምስጋና አንነፍገውም። ክፍያውን ከገቢ ጋር ማያያዙ መልካም ነው። የአሜሪካ ተማሪዎች ዕዳ ከአንድ ነጥብ ስድስት ትሪሊዮን ዶላር በላይ በደረሰበት ዘመን፣ ድሀው ልጅ በር ላይ ገንዘብ ሳይጠየቅ መግባቱ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጉድለቱ ግን ሁለት ነው። አንደኛው፣ ተማሪው የሚፈርመው መጠኑን ቆጥሮ አለመሆኑ ነው። በ2017 ዓ.ም. የአንድ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ከፍ አለ። የምግቡ ጥራት ሊሻሻል ይገባው ነበር፤ ነገር ግን የምግቡን ሙሉ ወጪ ተማሪው የሚከፍል ከሆነ፣ ዓመቱን 300 ቀን ብናደርገው 6,600 ብር የነበረው 30,000 ይሆናል፤ በአራት ዓመት 120,000። ይህን ስሌት ለተማሪው ማን ነገረው?

ሁለተኛው፣ ውሉ እኩል ላልሆኑ ሰዎች እኩል መሆኑ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዶላር 177.7 ገደማ ላይ ጸንቷል፤ ብር ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲተመን ከተለቀቀ ወዲህ እጅግ ወርዷል። ስለዚህ በፍራንክ ደመወዝ ለሚያገኘው ተማሪያችን የድሮው ዕዳ ቀለለ፤ በገጠር ወረዳ በብር ለሚቀጠረው ጓደኛው ግን የኑሮ ውድነት ባሳሳው ደመወዝ ላይ 10 በመቶው ትልቅ ነው።

ለመሆኑ ጥፋቱ የውሉ ብቻ ነውን? አይደለም። እኛም መምህራን የመቶኛ ስሌት ስናስተምር የሱቅ ትርፍና ኪሳራ እንሰጣለን እንጂ ይህን ውል በሰሌዳ ላይ ጽፈን አናውቅም። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በዓመት ስንት ይመዘገብብኛል? ከዘመድ ጋር አድሬ ብበላ ምን ይቀነስልኛል? ከወር ደመወዜ ምን ይተርፈኛል? የሚከፍል ወላጅ ያለውም አስቀድሞ መክፈልን ይመልከት፤ ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ለዚህ ነው። ቅጂውንም ከትምህርት ማስረጃው ጋር ያኑር።

ዕዳ የሚያስፈራው ሲበዛ ብቻ ሳይሆን ሳይታወቅም ነው። መምህራን ሆይ፣ በሚመጣው መስከረም የመጀመሪያው የሒሳብ ጥያቄያችን ይህ ውል ይሁን!