የቀዶ ሕክምና ጉዳት በምን ይለካል?

በትንሽ ጉዳት የሚሠራ ቀዶ ሕክምና ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚታየው ላፓራስኮፒ ነው፦ ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ፣ ካሜራ፣ ስክሪን። ለሐሞት ከረጢት ጠጠር ይህ ግምት ትክክል ነው። ለሄርኒያ ግን፣ በተለይም ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ላይ ሆኖ ለሚያስብ የቀዶ ሕክምና ባለሙያ፣ የጠባሳው ርዝመት ጉዳትን ለመለካት አይበቃም። ቀዶ ሕክምና ከሰው የሚወስደው ቆዳ ብቻ አይደለም፤ ሰመመኑ አለ፣ መንገዱ አለ፣ ለአስታማሚ ስንቅና ማደሪያ የሚወጣው ገንዘብ አለ፣ ሳይታረስ የሚያልፈው ማሳ አለ፣ ሄርኒያው ተመልሶ የመውጣት ዕድሉም አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ሲታይ ለአብዛኛው የምዕራብ ጎጃም ታማሚ ትንሹን ጉዳት የሚያደርሰው በአቅራቢያው ሆስፒታል፣ በአካባቢ ማደንዘዣ፣ ብሽሽቱን ከፍቶ መረብ የማልበስ ጥገና ነው ብዬ እከራከራለሁ። ይህን ክርክር በብርቱ የሚፈትነው ወፍራሙ ታማሚ ስለሆነ እሱን ለብቻው እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ታማሚው ማን እንደሆነ እንይ። ከጃቢ ጠህናን፣ ከወምበርማ፣ ከሰከላ ወይም ከደጋ ዳሞት ብሽሽቱ አብጦ የሚመጣው ሰው በአብዛኛው ሲያርስ፣ እንጨት ሲፈልጥና ኩንታል ሲሸከም የኖረ ቀጭን ገበሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ወንዶች 33 በመቶው ከሚገባው በታች ቀጭን፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ደግሞ 3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። በሴቶች ቁጥሩ 22 እና 8 በመቶ ነበር። ቀጭን ሰው ላይ ብሽሽቱ ቅርብ ነው፤ ስቡ ስስ ስለሆነ በአጭር ቅድ ይደረስበታል፣ ማደንዘዣውም በትንሽ መጠን ይበቃዋል። ትልቅ ማሽን ከሚያመጣው ጥቅም አብዛኛውን የታማሚው ገላ ራሱ አስቀድሞ ሰጥቶናል።

ሥራውን ቀረብ ብለን እንየው። ባለሙያው አድሬናሊን የተቀላቀለበት ሊዶኬይን ቅዱ በሚያልፍበት መስመር ከቆዳ ሥር ይወጋል። ቆዳውና ስቡ ተከፍተው ነጩ የጡንቻ ሽፋን ሲታይ፣ ሽፋኑን ከመቅደዱ በፊት ከሥሩ ጥቂት ይጨምራል፤ ፈሳሹ ነርቩን ከማደንዘዙም በላይ ሽፋኑን ከነርቩ ላይ ስለሚያነሣው መቀሱ ነርቩን እንዳይነካ ይረዳል። የዘር ገመዱ ተለይቶ ከተያዘና የሄርኒያው ከረጢት ወደ ሆድ ከተመለሰ በኋላ ታማሚው ነቅቶ ስለሆነ «አባባ፣ እስቲ ጠንከር አድርገው ይሳሉ» ይባላል። ሲስል ግድግዳው የቱ ጋ እንደደከመ፣ ያልታየ ሌላ ከረጢት መኖር አለመኖሩም በዓይን ይታያል። ሙሉ ሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ይህን ሊያደርግልን አይችልም። ከዚያ ርዝመቱ 15፣ ወርዱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነው መረብ የብልት አጥንቱን ጉብታ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ እንዲያርፍ ተደርጎ ይሰፋል። ልምድ የሌለው እጅ መረቡን እንደ ከበሮ ቆዳ መወጠር ይቀናዋል፤ የሚገባው ግን ትንሽ ልል አድርጎ መተው ነው። ታማሚው አሁን ተኝቷል፤ ነገ ሲቆም የሆዱ ግፊት ይጨምራል፣ መረቡም ከጊዜ ጋር ይሰበሰባል። ኢርቪንግ ሊክተንስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1989 ያሳተሙት ዘዴ ምሥጢሩ ይኸው ነው፦ የተራራቀን ሥጋ በክር ጎትቶ ከማገናኘት ይልቅ ያለ ውጥረት መሸፈን።

ላፓራስኮፒ ከዚህ ይሻላል የሚለው መከራከሪያ ባዶ አይደለም። በሠለጠነ እጅ ሲሠራ ሕመሙ ያንሳል፣ ወደ ሥራ መመለሱም ይፈጥናል። ዋናው ቃል ግን «በሠለጠነ እጅ» የሚለው ነው። በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመው ትልቅ ጥናት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በወጣ ሄርኒያ ላይ ከሁለት ዓመት በኋላ የመመለስ ዕድሉ በላፓራስኮፒ 10.1፣ ከፍቶ በመሥራት 4.0 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ልዩነቱ የጠበበው ከ250 በላይ የላፓራስኮፒ ጥገና በሠሩ ሐኪሞች ዘንድ ነው። የድንገተኛ ምጥ፣ የተጠመዘዘ አንጀትና የተሰበረ እግር በሚፈራረቁበት የዞን ሆስፒታል አንድ ሐኪም ይህን ያህል የካሜራ ሄርኒያ እስኪሠራ የስንት ታማሚ ሄርኒያ ይመለሳል? ታማሚውን ሪፈር ጽፈን ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ አዲስ አበባ እንላከው ቢባል፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ግጭት መንገዱ ሲከፈትና ሲዘጋ መኖሩን የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

ሐኪም በማይበቃበት አገር መረብ የሚያለብሰው ማን ነው? ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ እያሠለጠነች በወረዳና በዞን ሆስፒታሎች መድባለች። ሐኪም ያልሆነ ሰው ሰውነት ውስጥ መረብ ማስገባቱ የሚያሰጋቸው አሉ። በሴራሊዮን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ የተመጣጠነ ሥልጠና ያገኙ ሐኪሞችንና ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን አነጻጽሯል፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ሄርኒያ የተመለሰባቸው በሐኪሞቹ በኩል 6.9፣ በሌሎቹ በኩል 0.9 በመቶ ነበሩ። ከዚህ የምንማረው ሐኪም አያስፈልግም ማለትን ሳይሆን፣ አንድን ሥራ ደጋግሞ በሥርዓት የተማረ እጅ ሊታመን እንደሚችል ነው። የመረቡ ዋጋም መፍትሔ አለው። በምሥራቅ ኡጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ጥናት ከአጎበር ጨርቅ የተዘጋጀና በጥንቃቄ የተመከነ መረብ ከውዱ የፋብሪካ መረብ እንደማያንስ አሳይቷል፤ ሄርኒያ የተመለሰው በ0.7 እና በ0 በመቶ ነበር። ይህ ማለት ከገበያ አጎበር ገዝቶ መቁረጥ አይደለም፤ ለጥናቱ የተመረጠው ጨርቅና የማምከኑ ሙቀት በልክ የተጠበቁ ነበሩ።

ሌላው ተቃውሞ ከራሱ ከማስረጃው ይነሣል። የማያስቸግር ሄርኒያ ሳይነካ ቢቆይ ምን ይሆናል? እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እምብዛም ሕመም የሌላቸውን ወንዶች እየተከታተሉ ማቆየት እንደሚቻል አረጋግጧል፤ ድንገተኛ አደጋ የገጠማቸው በዓመት ከ1000 ታማሚ 1.8 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ያ ጥናት አንጀቱ የታነቀበት ሰው ቶሎ ኦፕሬሽን ክፍል ይደርሳል ከሚል ኑሮ ውስጥ የተወለደ ነው። በክረምት ጭቃ በቃሬዛ እስከ አስፋልት የሚወጣ ሰው ግን አንጀቱ በሰዓታት ውስጥ ሊበሰብስበት ይችላል። ስለዚህ ለገጠሩ ሰው ከመጠበቅ ይልቅ ቀን ቆርጦ መሥራት ይሻላል፤ ቀኑም በግብርናው መቁጠሪያ ቢሆን ይመረጣል። አዝመራው ገብቶ ጥርና የካቲት ላይ የተሠራ ሰው እርሻ እስኪጀምር በቂ ጊዜ አለው። ለወራት ተኛ ብሎ መምከርም ማስረጃ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ታማሚው ሕመሙ እንደፈቀደለት ወደ ሥራው እንዲመለስ ይመክራል።

አሁን ወደ ወፍራሙ ታማሚ እንምጣ። በከተሞቻችን ተቀምጦ የሚውል ነጋዴና ሾፌር፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባት እናት እየበዙ ነው። እዚህ ላይ የማስረጃው ፊት ይለወጣል። ወፍራም ሰው ላይ ብሽሽቱ ይርቃል፣ ቅዱ ይረዝማል፣ ላብ የሚይዘው የቆዳ እጥፋት ቁስሉን ለመመረዝ ያጋልጣል፤ የሊዶኬይኑ መጠንም ከገደቡ ሳያልፍ ሁሉን ቦታ ላያዳርስ ይችላል። ደግነቱ የብሽሽት ሄርኒያ በወፍራሞች ላይ ብዙ አይታይም፤ የስዊድን ወንዶችን ለ34 ዓመታት የተከታተለ ጥናት ዕድሉ ከመደበኛው ክብደት እንደሚያንስ አግኝቷል። የውፍረት ዋና ጣጣ የእንብርትና የድሮ ቅድ ሄርኒያ ነው፤ ለዚህም ላፓራስኮፒ የቁስል መመረዝን በግልጽ ስለሚቀንስ እውነተኛ ብልጫ አለው። ችግሩ ግን ከካሜራው የሚጠቀመው ይኸው ሰው ሰመመን ይበልጥ የሚያሰጋውም መሆኑ ነው። ሆዱ በጋዝ ሲነፋ ድያፍራሙ ወደ ላይ ይገፋል፣ ሳንባው ይጠባል፤ አንገቱ አጭርና ወፍራም ከሆነ የመተንፈሻ ቱቦውን ማስገባትም ይከብዳል። እሱን በደኅና ለማስተኛትና ለማንቃት ከካሜራው በፊት የጋዝ ልኬት የሚያሳይ መቆጣጠሪያ፣ የማይቋረጥ መብራትና ልምድ ያለው ሰመመን ሰጪ ያስፈልጋሉ። ስለዚህ አጣዳፊ ካልሆነ ክብደቱን ቀንሶ፣ ስኳሩን አስተካክሎ፣ ሲጋራ የሚያጨስም ትቶ እንዲመጣ ቀጠሮ መስጠት የሕክምናው አካል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የእንብርት ሄርኒያ መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። ከተዘጋጀ በኋላ ትልቅ ክፍተት ያለበት ሰው ላፓራስኮፒ ብዙ ወደሚሠራበት ሆስፒታል መላኩ ተገቢ ነው። ለሌላው ጊዜ ይከብደን የነበረው መንገድ ለዚህ ሰው ዋጋውን ይመልሳል።

«ታዲያ ለከተሜው ካሜራ፣ ለገበሬው ቢላዋ ነው?» የሚል ሰው ይነሣል። አይደለም፤ ሁለቱም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፣ ለያንዳንዱ የሚደርሰው ጠቅላላ ጉዳት። በሐቅ ካየነው ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና የሚሆነው ልምዱና ሰመመኑ ሳይሟላ ማሽን አቁሞ በገበሬው ላይ መለማመድ ነው። ቅደም ተከተሉ ግልጽ ይመስለኛል፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መረብ፣ ሊዶኬይን፣ ደም ማቆሚያ መሣሪያና ተከታታይ ሥልጠና መጀመሪያ ይሟሉ፤ የተሠሩት ታማሚዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ተጠርተው ይታዩ፣ ስንቱ እንደተመለሰበት ይመዝገብ፤ የሰመመኑ ክፍል ይጠንክር። ላፓራስኮፒው ከዚያ ሲመጣ የሚያርፈው በተዘጋጀ እጅ ላይ ይሆናል፤ የትኛው ታማሚ እንደሚያስፈልገውም መዝገቡ ይነግረናል።