የዳንቴል ዋጋ

ሥዕል ይገመገማል፤ ልብ ወለድ ይተቻል፤ ፊልምም ቢሆን መጥፎነቱን የሚነግረው አያጣም። ቡፌው ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ በሶፋው መደገፊያና ክንድ ላይ ተነጥፎ የኖረው ነጭ ዳንቴል ግን ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ መልሶ ይነጠፋል እንጂ ሒስ ሲጻፍለት አይታይም። ናይሮቢ የሚኖር አበሻ የኬንያዊ ጎረቤቱን ሳሎን ሲረግጥ ይህንኑ ጌጥ እዚያው ሶፋው ላይ ያገኘዋል። ስሙ «ቪታምባ» ነው፤ በኪስዋሂሊ «ጨርቆች» ማለት ሲሆን ከዚህ የዘለለ ማዕረግ አልተሰጠውም። የእኛው ስም ሻል ይላል፤ ነገር ግን የተውሶ ነው። «ዳንቴል» ትንሽ ጥርስ፣ «ኪሮሽ» ደግሞ ትንሽ መንጠቆ ከሚሉ የፈረንሳይኛ ቃላት የመጡ ናቸው። ሴቶቻችን ዕቃውን ከነስሙ ተቀብለው የቤታቸው ልጅ አድርገውታል።

ስለ ዋጋው ከመናገር በፊት መሣሪያውን ማየት ይገባል። በሁለት መርፌ ሹራብ የሚሠራ ሰው የረድፉን ቀለበት ሁሉ በአንድ ጊዜ መርፌው ላይ ደርድሮ ይይዛል፤ መርፌው ከሾለከ ሥራው መተርተር ይጀምራል። ኪሮሽ የያዘች ሴት ግን በመንጠቆዋ ላይ ያላት አንድ ቀለበት ብቻ ነው። የቀረው ከኋላዋ ተዘግቶ አልቋል። በዚህም ምክንያት ሥራዋን በፈለገችው ሰዓት አቋርጣ በፈለገችው ሰዓት ልትቀጥል ትችላለች፤ ቡናው እስኪፈላ፣ ሕፃኑ እስኪተኛ፣ ታክሲው እስኪሞላ። መሣሪያው የተሰባበረ ጊዜ ላላቸው ሰዎች የተሠራ ይመስላል። ዳንቴልን የጎዳውም ይኸው ጠባዩ ነው። በቁርጥራጭ ሰዓት የሚሠራ ነገር ሰዓት የማይፈጅ መስሎ ይታያል።

ለቀጭን ክር የሚሆነው ኪሮሽ ከብረት የሚሠራ ሲሆን ውፍረቱ ከ0.6 እስከ 1.75 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ወገቡ ላይ አውራ ጣት የሚያርፍበት ጠፍጣፋ ቦታ አለው፤ ቁጥሩም የሚቀረጸው እዚያው ነው። ብዙ ዓመት የሠራ ኪሮሽ በዚህ ቦታ ላይ ቁጥሩ ጠፍቶ ይገኛል። አንገቱ ላይ የጥፍር ጫፍ የሚይዝ ሸካራ ነገር ካለ ክሩን ይሰነጥቃል፤ የተሰነጠቀ ክር ደግሞ ታጥቦም ተተኩሶም አይደበቅም። ዛሬ በመዝናናት የሚሠሩ ሰዎች እጀታው በጎማ የተለበጠ፣ ከቀርከሃ ወይም ከተወለወለ እንጨት የተጠረበ ኪሮሽ በየቁጥሩ በቦርሳ ደርድረው ይይዛሉ። ይህን እንደ ቅብጠት የሚያዩ አሉ። መሣሪያ መሰብሰብ ሥራ መሥራት እንዳልሆነ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ቀጭን ብረት ለሰዓታት ጨብጦ መዋል አንጓን ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው በጎማው እጀታ ላይ ለመሳለቅ አይቸኩልም። የሚያሳዝነው ሌላ ነው፤ ለኪሮሹ የተጠየቀውን የሚከፍል ገዢ ኪሮሹ ለሠራው ዳንቴል መከራከሩ።

ክርክሩም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «ክር ብቻ እኮ ነው!» ይባላል። ይህ አባባል አንድ ትልቅ ነገር ይዘነጋል። ዊልያም ሊ የተባለ እንግሊዛዊ የካልሲ መሥሪያ ማሽኑን የፈለሰፈው እ.ኤ.አ. በ1589 ነበር። ከዚያ ወዲህ ባለፉት ከ400 በላይ ዓመታት የሹራብ ሥራ እየሰፋ ወደ ፋብሪካ ሲገባ፣ ኪሮሽን ለገበያ በሚበቃ መጠን የሚሠራ ማሽን ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። «የኪሮሽ ማሽን» ተብለው የሚጠሩት የሚያወጡት መልኩን የሚመስል ሌላ አጠላለፍ ነው። እንግዲህ በየሱቁ ተንጠልጥሎ በምሳ ዋጋ የሚሸጠው ቦርሳ ወይም የባሕር ዳርቻ ቀሚስ እውነተኛ ኪሮሽ ከሆነ፣ የረከሰው ማሽን ስለሠራው አይደለም። ስሟ ያልተጻፈ አንዲት ሠራተኛ ቀለበቱን አንድ በአንድ ስባዋለች፤ የረከሰው የእሷ እጅ ነው። «በእጅ የተሠራ» የሚለው የምስጋና ቃል ለብቻው ምንም ዋስትና አይሆንም ማለት ነው። በኪሮሽ ረገድ ከሁሉ ርካሹም በእጅ የተሠራ ነው።

ነገሩ በታሪክም ቢሆን የቦዘኔ መዝናኛ ሆኖ አልዘለቀም። እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ አየርላንድን ለረሃብ በዳረገ ጊዜ የኪሮሽ ሥራ ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ ሆኖ ነበር። ውዱን የቬኒስ ዳንቴል በመንጠቆ አስመስለው ይሠሩ ነበር። አንዷ ጽጌረዳ፣ አንዷ ቅጠል፣ ሌላዋ ሁሉን የሚያያይዘውን መረብ ትሠራለች። ያንን ሥራ ዛሬ በሙዚየም መስታወት ውስጥ የሚያየው ሰው በረሃብ ጊዜ የተሠራ መሆኑን አይጠረጥርም።

«ሆቢ» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ «የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ» ይባላል። ትርጉሙ የተለመደ ነው፤ መዝገበ ቃላትም አይቃወመውም። ዳንቴል ላይ ሲለጠፍ ግን ሁለት ጊዜ ይዋሻል። ውኃ ቀድታ፣ እንጀራ ጋግራ፣ ልብስ አጥባ የተቀመጠች ሴት ያላት ጊዜ ትርፍ አይደለም፤ ያንን ጊዜ አንድ ነገር ሠራችበት እንጂ አላሳለፈችውም። አማርኛ ራሱ ከዚህ የተሻለ ያውቃል። በሀበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውን ባለቀለም ጌጥ «ጥበብ» ብሎ የሚጠራ ቋንቋ፣ ኪነትንና ዕውቀትንም በዚያው ቃል የሚጠራ ቋንቋ፣ ስለ ክር ሥራ ክብር ከሌላ መማር አያስፈልገውም ነበር።

ክብሩ ግን ከቃሉ ወደ ሠሪው አልተሻገረም። ሸማኔው፣ አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ሲሰደቡ በመኖራቸው አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዳንቴል የምትሠራ ሴት ስድብ አልደረሰባትም፤ «ባለሙያ ናት» ተብላ ተመርቃለች። ከስድቡ ምርቃቱ እንደሚሻል አያከራክርም። ሆኖም ምርቃቱ ሠሪዋን ያሞግሳል እንጂ ሥራውን አይመለከትም፤ ጥሩውንና መጥፎውን ሳይለይ ሁሉን እኩል ያመሰግናል።

ጥሩና መጥፎ ዳንቴል ደግሞ አለ። መመርመር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ይገልብጠው፤ የክሩ ጫፍ የት እንደተደበቀ ጀርባው ይናገራል። ቀጥሎ መሐሉን፣ ሥራው የተጀመረበትን ቀለበት ይይ፤ የላላ መሐል ከታጠበ በኋላ ይቀደዳል። ቀለበቶቹ ከመጀመሪያው ዙር እስከ መጨረሻው እኩል ከጠበቁ የሠሪዋ እጅ አልተቻኮለም። ክብ ሆኖ እንዲነጠፍ የታሰበው ጠረጴዛ ላይ ያለ ስታርች የሚተኛ መሆን አለበት፤ ስታርች ብዙ ኃጢአት ይሸፍናልና። ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ንድፉ ነው። ከመጽሔት የተገለበጠውን አናናስና ጽጌረዳ ሺህ ሴቶች ሠርተውታል። ከእነርሱ መካከል ንድፉን ግማሽ መንገድ ላይ ትታ ወደ ራሷ ሐሳብ የሄደችዋ ትለያለች፤ ሒስ ሊፈልጋት የሚገባውም እሷን ነው።

ዓለም ኪሮሽን በአዲስ ዓይን እንዲያይ ያደረገው ከማይጠበቅ ሰፈር የመጣ ነገር ነው። የሒሳብ ሊቃውንት ከመሐል ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ከመጠን በላይ እየሰፋ የሚሸበሸበውን «ሃይፐርቦሊክ» የሚባል ገጽ በወረቀት ሲሠሩት በቀላሉ እየተቀደደ ይቸገሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የላትቪያ ተወላጅ ዳይና ታይሚና ኪሮሽ አንስተው፣ በየረድፉ ቀለበት በተወሰነ ምጣኔ እየጨመሩ፣ ተማሪ በእጁ አገላብጦ የሚያየውን ገጽ ሠሩ። በዚሁ ዘዴ ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርታይም የተባሉ እህትማማቾች እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመሩት ከኪሮሽ የተሠራ የባሕር ኮራል እ.ኤ.አ. በ2019 ለቬኒስ ቢየናሌ በቅቷል።

ጠርዙ ላይ ቀለበት ሆን ተብሎ እንዲበዛ ተደርጎ የሚሸበሸበው፣ ስኳር በሟሟበት ውኃ ተነክሮ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ጌጥም ከዚህ ስሌት የራቀ አይደለም። ሠሪዋ በየስንተኛው ቀለበት ላይ ስንት እንደሚጨመር ብትጠየቅ ሳታመነታ ትናገራለች። ገበያ ላይ የሚቀርብላት ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ «መጨረሻው ስንት ነው?»