የእጅን ሥራ ለዐይን የሰጠ መኪና

ሒስ ሲባል ልብ ወለድን፣ ሥዕልንና ቴያትርን መመርመር ብቻ አድርገን ለምደነዋል። ሰው በየቀኑ ፊቱ ደቅኖ የሚውለው፣ በየደቂቃው የሚዳስሰውና ስሕተቱም ነፍስ ሊያጠፋ የሚችል ሥራ ግን ሐያሲ አያገኝም። የመኪና ዳሽቦርድ ማለቴ ነው። እሱም እንደ ማንኛውም ድርሰት ደራሲ አለው፤ አንባቢም አለው። ልብ ወለድ የሰለቸው አንባቢ መጽሐፉን ዘግቶ ይተኛል። የዳሽቦርድ አንባቢ ግን እያነበበ በሰው መካከል ይነዳል። ዛሬ ልሔሰው የተነሣሁት ይህንኑ ድርሰት ነው፤ በተለይም መጫኛና ማዞሪያ ቁልፎችን አንሥቶ በአንድ ሰፊ የንክኪ ስክሪን የተካውን አዲሱን እትም።

እትሙን ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ በጥር 2016 ዓ.ም. ከተነገረ ወዲህ፣ እኔ በምኖርበት በዓለም ባንክ ሰፈርም ድምፅ የለሽ መኪናዎች በርክተዋል። ብዙዎቹ የመጡት ከቻይና ነው። ቢዋይዲ አለ፤ የጀርመኑ ቮልስዋገን ምልክት ያለባቸው አይዲ 4 እና አይዲ 6 አሉ። አይዲ 6ን ቮልስዋገን ያወጣው ለቻይና ገበያ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ላይ የምናየው በቻይና በር ዞሮ የመጣ ነው። ሲሠራ የታሰበለትም አንባቢ ቻይንኛ የሚያነብ ሰው ነበር።

ባዕድ ነገር መምጣቱ በራሱ አያስከፋኝም። የሰፈሬ ስም ራሱ፣ የዓለም ባንክ በገንዘብ ካገዘው የቤት ፕሮጀክት የተወረሰ ነው። ዛሬ የታክሲ ረዳት «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» ብሎ ሲጣራ ዋሽንግተን ያለው መሥሪያ ቤት ትዝ የሚለው ተሳፋሪ የለም። ስሙ የእኛ ሆኗል። መኪናም እንዲሁ የእኛ ሆኖ ነበር። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ጎማ፤ እነዚህን ቃላት ከጣሊያን ወሰድናቸውና አማርኛ አደረግናቸው። ፍሬቻ በትውልድ አገሩ «ቀስት» ማለት መሆኑን ሳያውቅ፣ ስንቱ ሾፌር በግራ እጁ ጣት እየገፋ ዕድሜውን ጨረሰ! ቃሉ የተለመደው ዕቃው ስለተለመደ ነው። ዕቃው ቦታ ነበረው፤ ቅርጽ ነበረው፤ እጅ ያውቀው ነበር። የስክሪኑ ነገሮች ግን ቋሚ ቦታ የላቸውም። አንዱን ገጽ ስትነኩት ሌላው ይጠፋል። ቦታ የሌለውን ነገር እጅ ሊያስታውሰው፣ አፍም ሊሰይመው ይቸግረዋል።

ከነዚህ መኪናዎች አንዱን የገዛ ወጣት ጎረቤት አለኝ። የመኪናውን ዓይነት ለራሴ ልያዘው። ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ከአየር ጤና ወደ ቤት አብረን ስንመለስ ዶፍ ወረደብን፤ የፊት መስታወቱም በትንፋሻችን ጉም ለበሰ። ልጁ በአንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ስክሪኑን መነካካት ጀመረ። አንድ ገጽ ከፈተ፤ ዘጋ፤ ሌላ ከፈተ። በመጨረሻ፣

«ጋሼ፣ ያቺን መስታወት የምትመስል ሥዕል ይንኩልኝ እባክዎ» አለኝ።

«የቷን?»

«ከቻይንኛው ጽሑፍ በላይ ያለችውን!»

ሁሉም ከቻይንኛ ጽሑፍ በላይ ነበሩ። እኔ መነጽሬን ስፈልግ እሱ አንገቱን ወደ ስክሪኑ አስግጎ ሳለ፣ አንድ ዣንጥላ ከነባለቤቱ ከፊታችን ተሻገረ። ፍሬን ተያዘ፤ ማንም አልተነካም። ልጁ ግን ጥሩ ሾፌር መሆኑን እመሰክርለታለሁ። በአሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ ላይ ቢሆን ኖሮ ማሞቂያውን ሳያየው፣ ዐይኑን ከመንገድ ሳያነሣ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን ገፋ አድርጎት ያልፍ ነበር። ችሎታው ያው ነው፤ የተለወጠው ዕቃው ነው።

የሒሴ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። ቁልፍ በእጅ የሚነበብ ጽሑፍ ነው። ጎበጥ ያለው ይህ ነው፤ ሸካራው ያ ነው፤ ሲጫኑት «ቀጭ» ብሎ ሥራው መፈጸሙን ይናገራል። የበቃ ክራር ደርዳሪ ጣቶቹን አያይም፤ አዳማጩን ያያል። ለስላሳ መስታወት ግን ለጣት ምንም አይነግረውም። ጣት የት እንዳለ የሚያውቀው ዐይን ሲነግረው ብቻ ነው። ስለዚህ ስክሪኑ የእጅን ሥራ ለዐይን ሰጠው፤ ዐይን ግን ድሮም ሌላ ሥራ ነበረበት። በእኛ መንገድ ላይ ደግሞ ያ ሥራ ከባድ ነው። እግረኛው ከአስፋልቱ ዳር ይሄዳል፤ ባጃጁ ሳያስጠነቅቅ ይታጠፋል፤ ሚኒባሱ ተሳፋሪ ባየበት ይቆማል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሾፌሩ ሁለት ሴኮንድ ስክሪን ካየ 22 ሜትር በጭፍን ሄደ ማለት ነው። ከትምህርት ቤት በር እስከ ማዶ ያለው ሱቅ ስንት ሜትር ነው?

ይህ የሽማግሌ ቅሬታ እንዳይመስል አንድ ፈተና ልጥቀስ። በፈረንጅ 2022 ቪ ቢሌጋሬ የተባለው የስዊድን የመኪና መጽሔት 11 አዳዲስ መኪናዎችንና አንድ የ2005 ቮልቮ ሰብስቦ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር አስነዳቸው። ሾፌሮቹ መኪናዎቹን አስቀድመው እንዲለምዱ ጊዜ ተሰጣቸው። ከዚያም ማሞቂያውን ማስተካከልን፣ ሬዲዮ መቀየርንና የመሳሰሉትን ተራ ሥራዎች እየነዱ እንዲፈጽሙ ታዘዙ። ባለቁልፉ አሮጌ ቮልቮ በ10 ሴኮንድ፣ 306 ሜትር ተጉዞ ጨረሰ። ከሁሉ የባሰው ባለስክሪን፣ ኤምጂ ማርቨል አር፣ 45 ሴኮንድ ያህል ወሰደበት፤ ከ1,300 ሜትር በላይ ተጓዘ። «ይለመዳል» ለሚሉ ወገኖች ይህ በቂ መልስ ይመስለኛል።

ታዲያ ሠሪዎቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው? አይመስልም። ቢዩክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሪቪየራ በተሰኘው መኪናው ላይ የንክኪ ስክሪን የገጠመው በፈረንጅ 1986 ነው። ደንበኛ አማረረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስክሪኑ ተነሣ። እንደገና የተመለሰው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ አሜሪካ ከ2018 ጀምሮ አዲስ መኪና ሁሉ የኋላ ካሜራ እንዲኖረው ስላስገደደች ስክሪን የግድ ሆነ፤ አንዴ ከገባ ሌላውን ሁሉ እሱ ላይ መጫን ቀለለ። ሁለተኛው ወጪ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ማውጫ ቅርጽ፣ ሽቦና ሙከራ ይፈልጋል፤ የስክሪን ሥዕል ግን ሽቦ አያስፈልገውም። ኩባንያው የቆጠበውን ገንዘብ «ዘመናዊነት» ብሎ ሸጠልን።

አይዲ 4ን እንደ ድርሰት ብናነበው ይህ ቁጠባ በየመስመሩ ይታያል። የድምፅና የሙቀት መጠን የሚስተካከለው ከስክሪኑ ሥር ባለ ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ጣት በማንሸራተት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ እትሞች ደግሞ ይህ ሰሌዳ ማታ መብራት የለውም። በሾፌሩ በር ላይ ያሉት የመስኮት ቁልፎች ሁለት ብቻ ናቸው፤ የኋላውን መስኮት የፈለገ ሌላ ምልክት ነክቶ እነዚያኑ ሁለቱን ወደ ኋላ ማዞር አለበት። አራት መስኮት፣ ሁለት ቁልፍ! የቮልስዋገን የንድፍ ኃላፊ አንድሪያስ ሚንት በ2025 ነገሩ ስሕተት እንደነበር ተናግረዋል፤ ድምፅን፣ የሁለቱን ወገን ሙቀት፣ ነፋሱንና የአደጋ መብራቱን የሚያዙ አምስት እውነተኛ ቁልፎች ወደ መኪናዎቻቸው እንደሚመለሱም አስታውቀዋል። የአውሮፓው የመኪና ደኅንነት መዛኝ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ የአደጋ መብራትን፣ ዝናብ መጥረጊያን፣ ክላክስንና የእርዳታ ጥሪን በስክሪን ብቻ ለሚያሠራ መኪና ሙሉ ነጥብ አልሰጥም ብሏል። ጥንቱን አባቶች «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለውታል።

ጉዳዩ በመኪና ብቻ አልቀረም። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጆን ማኬይን የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ሲንጋፖር አጠገብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ 10 መርከበኞች ሞቱ። መሪውንና የሞተሩን ኃይል የሚያዘው የንክኪ ስክሪን ነበር፤ መርማሪዎች መርከበኞቹ የትኛው ሥልጣን በየትኛው ስክሪን ላይ እንዳለ ግራ እንደገባቸው አረጋገጡ። ሥልጠና ማነሱም ተነሥቷል። ባሕር ኃይሉ ከሁለት ዓመት በኋላ የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ወደ እውነተኛ እጀታ ለመመለስ ወሰነ።

ከስክሪንም አልፎ መንካትን ራሱ ያስቀረ ፈጠራ አለ። ቢኤምደብልዩ በ2015 ባወጣው 7 ሲሪየስ ላይ፣ ሾፌሩ ጣቱን በአየር ላይ በማሽከርከር ሬዲዮውን ከፍና ዝቅ እንዲያደርግ ፈቀደለት። ካሜራው የእጁን ምልክት ያነባል። እኛ እጃችንን ሳናወናጭፍ የማንናገር ሰዎች እንዲህ ያለ መኪና ውስጥ የፖለቲካ ወግ ብንጀምር ሬዲዮው ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው። በመንገዳችን ላይ የእጅ ምልክት የሰውና የሰው ቋንቋ ነው። እናት መዳፏን ዘርግታ መኪና አስቁማ ልጇን ታሻግራለች፤ ሾፌር እጁን አንሥቶ ያመሰግናል፤ ሌላው «እለፍ» ይለዋል። ሕግ ባልደረሰበት ቦታ የሚያስተዳድረን ይህ ቋንቋ ነው። ይህን ለማንበብም ሆነ ለመመለስ ሾፌሩ ዐይኑና እጁ ከውጭ ካለው ሰው ጋር መሆን አለባቸው።

ለስክሪን የሚገባውን ልስጥ። የኋላ ካሜራ ሕፃን ያድናል፤ ካርታም መንገድ ያሳያል። ሁለቱም የሚታዩ ነገሮች ናቸውና ቦታቸው ስክሪን ላይ ነው። የኤሌክትሪክ መኪናንም አልነቀፍኩም፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ለምትገዛ፣ ኤሌክትሪክ ግን ከራሷ ወንዝ ለምታመነጭ አገር ምክንያቱ ይገባኛል። ሁለቱን ግን አናምታታ። ባትሪ ቁልፍ አይጠላም። መኪናን በኤሌክትሪክ ለመንዳት የመስታወት ጉም ማጥፊያውን ሦስት ገጽ ሥር መቅበር የሚያስገድድ የፊዚክስ ሕግ የለም። ሠሪዎቹ ራሳቸው መመለስ የጀመሩበትን መንገድ እኛ «ሥልጣኔ» ብለን አዲስ መጀመራችን ነው የሚያስቆጨው። ምን ዓይነት መኪና እንደሚገባ የመወሰን ሥልጣን ያለው አካል፣ ስለ ሞተሩ የደነገገውን ያህል ስለ ዳሽቦርዱም አንድ አንቀጽ ቢጨምር፣ ቢያንስ ስክሪኑ ሾፌሩ በሚያነበው ቋንቋ እንዲሆን ቢያዝ ብዙ ወጪ አይጠይቀውም።

ገዢውም የድርሻውን ይወጣ። ሁሉም የሚጠይቀው ባትሪው ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ብሎ ነው። እኔ አንድ ፈተና ልጨምርለት። መኪናው እንደቆመ ሾፌሩ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ዐይኑን ይጨፍን፤ ከዚያም ዝናብ መጥረጊያውን፣ የጉም ማጥፊያውን፣ የአደጋ መብራቱን፣ የአራቱንም በር መስኮት በእጁ ይፈልግ። ያላገኘውን ይቁጠር። መንገድ ላይ ሲወጣ ዐይኑን ከእግረኛ ላይ የሚያነሣው ያን ያህል ጊዜ ነው።